አንቴናፖድ በጎንደር፦ በጆሮው ለሚዝናና ሰው የሚሆን መተግበሪያ

በጎንደር የመዝናኛ ወሬ የማይነሣበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። በፒያሳ ቡና ቤቶች ማታ የታየው ተከታታይ ድራማ ጠዋት ይተነተናል። ከአዘዞ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ የፋና ላምሮት ተወዳዳሪዎች መድረኩ ላይ ካሉት ዳኞች በባሰ ጥብቅ ተሳፋሪ ይዳኛሉ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ካነሣ ወዲህ ደግሞ የአፄዎቹ ደጋፊ ወሬ አልቆበት አያውቅም። ይህን ሁሉ ጨዋታ በወጉ አሰናድቶ ለጆሮ የሚያቀርብ ዝግጅት ማግኘት፣ ካገኙም በኋላ ያለ ችግር ማዳመጥ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እዚህ የምገመግመው አንቴናፖድ የተባለውን የፖድካስት፣ ማለትም በኢንተርኔት በየክፍሉ የሚወጣ የድምፅ ዝግጅት፣ ማዳመጫ መተግበሪያ ነው፤ ማዳመጫን ከሚደመጠው ነገር ለይቶ መመዘን ስለማይቻልም በእሱ የምከታተላቸውን የአማርኛ ዝግጅቶች አብሬ አነሣለሁ።

አንቴናፖድ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነና ያለ ክፍያ የሚገኝ መተግበሪያ ነው። የሚሠራው በአንድሮይድ ስልክ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አይፎን የያዘ አንባቢ ከዚህ በታች ያለውን ስለ ዝግጅቶቹ ሲል ብቻ ቢያነበው ይሻላል። ማስታወቂያ አያሳይም፤ አካውንት ክፈቱ ወይም ስልክ ቁጥር አስገቡ ብሎ አያስቸግርም። የወደዱትን ፖድካስት ሰብስክራይብ ካደረጉ አዲስ ክፍል ሲወጣ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባልዎታል፤ ክፍሉን አንድ ጊዜ ካወረዱት በኋላ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይደመጣል። ያለ ዋይፋይ ለማውረድ ሲሞክሩ አስቀድሞ ስለሚጠይቅ፣ በቀን የተገዛች ፓኬጅ ሳይታሰብ ተበልታ አታድርም።

ይህ የማውረድ ጉዳይ ለጎንደር አድማጭ ትርፍ ምቾት አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ መዝናኛ የነበረው አስቀድሞ በሚሞሪና በፍላሽ የያዘ ሰው ብቻ ነበር። ልማዱ ራሱ ከዚያም ይቀድማል፤ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ የሞባይል ሱቆች ከተማችን ውስጥ የቆየ ደንበኛ አላቸው። ስሌቱም ለድምፅ ያደላል። ንግግር የሞላበት የአንድ ሰዓት ዝግጅት በ64 ኪሎቢት በሰከንድ ሲቀዳ ወደ 29 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ ማንም በኪሱ የሚይዛት የ32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ወደ 1,000 ሰዓት የሚሆን ጨዋታ ትሸከማለች። ያው ዝግጅት በቪዲዮ ሲሆን የሚወስደው ቦታ ብዙ እጥፍ ነው። አንቴናፖድ የሚያወርደውን ሁሉ በስልኩ ውስጣዊ ማከማቻ ፋንታ በሚሞሪ ካርዱ ላይ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ቦታው የተጣበበ አሮጌ ስልክ ለያዘ ሰው ይህ ብቻውን መተግበሪያውን ለመጫን በቂ ምክንያት ነው።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ አማራጭ ነው። አዲስ ፖድካስት በሚጨመርበት ገጽ ላይ፣ ከፍለጋው በታች፣ በስልኩ ውስጥ ያለን ፎልደር እንደ አንድ ፖድካስት መጨመር የሚያስችል ትእዛዝ ይገኛል። በቴሌግራም የተላከልዎት፣ ከጓደኛ በዜንደር የተቀበሉት፣ ከሱቅ ያስጫኑት የድምፅ ፋይል ሁሉ በአንድ ፎልደር ከተሰበሰበ፣ መተግበሪያው ፋይሎቹን እንደ ክፍል ቆጥሮ ይደረድራቸዋል፤ የት ላይ እንዳቆሙ ያስታውሳል፤ ያለቀውንም ለይቶ ያሳያል። በተራ የሙዚቃ ማጫወቻ የሁለት ሰዓት ትረካ ሲያዳምጡ ስልክ ተደውሎ ከተቋረጠ፣ ያቆሙበትን ቦታ በጣት እየጎተቱ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያሰለች የሞከረው ያውቀዋል። እዚህ ያ ጣጣ የለም። አንድ ነገር ብቻ ልብ ማለት ያሻል፦ ስሞቹ በፊደል ተራ ሲደረደሩ «ክፍል 10» ከ«ክፍል 2» ቀድሞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ፋይሎቹን 01፣ 02 እያሉ አስቀድሞ መሰየም ይበጃል። አለዚያ የታሪኩ ፍጻሜ ከመካከሉ ቀድሞ ይሰማና ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

በእኔ ስልክ «ትረካ» የሚባለው ፎልደር በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን በ1958 ዓ.ም. የታተመ «ፍቅር እስከ መቃብር» አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከበት ቅጂ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል፤ ስለ አማርኛ ፖድካስት የሚያወራ ሰው ከዚህ ትረካ ቢጀምር ያምርበታል። ፖድካስት የሚባለው ነገር በዓለም ላይ ሳይታሰብ በፊት፣ አንድ ሰው ያለ ምስል፣ በድምፁ ብቻ ባላባቱንም ተማሪውንም ሴቷንም ወንዱንም ሆኖ፣ አድማጩን ከሬዲዮው አጠገብ እንዳይነሣ ማድረግ መቻሉን ያሳየ ሥራ ነው። የዛሬዎቹ አቅራቢዎች ማይክራፎናቸው ከዚያ ዘመን እጅግ የተሻለ ነው፤ ድምፅን እንደ ወጋየሁ የሚያዝዝ ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ መተግበሪያው ካሉት ትእዛዞች አንዱን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዝምታ የሚዘልል ቁልፍ አለው፤ ተናጋሪው ዝም ያለባቸውን ቦታዎች እየቆረጠ ዝግጅቱን ያሳጥራል። ለዜና ትንታኔ ይጠቅም ይሆናል። በትረካ ላይ ሲከፈት ግን ተራኪው ሆን ብሎ የተወውን እረፍት፣ ነገሩ አድማጩ ልብ ውስጥ እስኪገባ የጠበቀበትን ጊዜ፣ ጠርጎ ይወስደዋል፤ የሚቀረው የሚጣደፍ ድምፅ ነው። የፍጥነት መጨመሪያውም እንዲሁ በልክ ሊያዝ ይገባዋል። የተንዛዛ ቃለ መጠይቅን በአንድ ከሩብ ፍጥነት ማዳመጥ ይቻላል፤ እንግዳው ማሲንቆውን ይዞ የመጣ አዝማሪ ከሆነ ግን ፈጽሞ አይሆንም። «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ግጥም አዝማሪው ሲያወርደው መጀመሪያ የሚሰማው ሰሙ ነው፤ ወርቁ እስኪገባን ድረስ አንድ ትንፋሽ ያህል ያስፈልገናል። በፈጣን ፍጥነት ሲደመጥ አቅራቢው መሳቅ ይጀምራል፣ አድማጩ ግን ምን እንዳሳቀው ገና አልደረሰበትም። ደግነቱ አንቴናፖድ ለእያንዳንዱ ፖድካስት የየራሱን ፍጥነት መወሰን ስለሚፈቅድ፣ ለወሬው ፈጠን ያለውን፣ ለጨዋታው የተፈጥሮውን ፍጥነት አንድ ጊዜ አስተካክሎ መተው ይቻላል።

ከቃለ መጠይቆች መካከል እኔ ዘንድ ቅድሚያ የሚያገኘው በሸገር ኤፍኤም 102.1 መዓዛ ብሩ የምታቀርበው «የጨዋታ እንግዳ» ነው። ዝግጅቱ ለሬዲዮ የተሠራ ነው፤ አድማጩ ምንም እንደማያይ ታስቦ ስለተሰናዳ ያለ ምስል ምንም አይጎድልበትም። መዓዛ እንግዳዋን አታቋርጥም፤ ከልጅነት ሰፈር ተነሥታ፣ ከትምህርት ቤት ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ኑሮ ቀስ እያለች ትወስደዋለች። ጨዋታው ሲረዝም በአንድ ሳምንት አያልቅም፤ በየክፍሉ እየተከፈለ ይቀጥላል። አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ የመጀመሪያ ሙዚቃ መሣሪያውን እንዴት እንዳገኘ ለመናገር ሩብ ሰዓት ሲወስድ የማይቸኩል ጠያቂ ማግኘት ዛሬ ብርቅ ነው። ትችት ካለኝ፣ አንዳንዴ ለእንግዳዋ ያላት አክብሮት ጠንከር ያለውን ጥያቄ ያስቀርባታል።

ከውጭ ከሚሰራጩት ኤስቢኤስ አማርኛ ከአውስትራሊያ የሚያዘጋጃቸው ክፍሎች በአብዛኛው አጫጭርና ጥርት ያሉ ናቸው፤ ከፒያሳ እስከ ማራኪ ግቢ ባለው መንገድ ላይ አንዱ ክፍል ተደምጦ ሊያልቅ ይችላል። በአማርኛ ማሰራጨት ከጀመረ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ በሬዲዮ የቆየው ዶይቼ ቬለም «የባህል መድረክ» የሚል ዝግጅት አለው፤ የአዘገጃጀቱ ጥንቃቄ የድሮ የሬዲዮ ቤት መሆኑን ይናገራል። የሁለቱም ድክመት ከአገር ቤት የዕለት ተዕለት ጨዋታ ራቅ ማለታቸው ነው። ማዲንጎ አፈወርቅ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ጎንደር ውስጥ የነበረውን ሐዘን፣ በየሱቁ በር የተከፈቱትን ዘፈኖቹን፣ ሰው ስለ ድምፁ ይናገረው የነበረውን ከውጭ ሆኖ በሙሉ መያዝ አይቻልም።

የመተግበሪያው ፍለጋ ለአማርኛ ደካማ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ፍለጋው የሚያመጣው አዘጋጆች በዓለም አቀፍ የፖድካስት ማውጫዎች ላይ ያስመዘገቡትን ነው፤ ከእኛ አዘጋጆች ብዙዎቹ ደግሞ የዝግጅታቸውን ስም በላቲን ፊደል ብቻ ስለሚጽፉ፣ በፊደላችን የፈለገ ሰው አያገኛቸውም። በፊደላችን የጻፉትም ቢሆኑ በሀሌታው ሀ የተጻፈውን በሐመሩ ሐ ሲፈልጉት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ካልሆነ በሌላው አጻጻፍ መሞከር ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። «ፖድካስት» ተብለው ከሚጠሩት የአማርኛ ዝግጅቶች ብዙዎቹ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማይክራፎንና ከጀርባ የበራ አምፖል ያለባቸው የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ናቸው። በድምፅ ብቻ የሚወርዱበት መንገድ ስለማይዘጋጅላቸው አንቴናፖድ ውስጥ አይገኙም። ድምፃቸው ተለይቶ ቢወጣም እንኳ «ይሄን ፎቶ አይታችሁታል?» ተብሎ ሁሉም ሲስቅ አድማጩ ከጨዋታው ውጭ ይቀራል። የእንግዶቹ ታሪክ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ያልተጠበቀ ቁም ነገር ያወጣሉ። አዘጋጆቹ ግን ሰው ልብስ እያጠበ፣ በርበሬ እየቀነጠሰ፣ ባጃጅ እየነዳ ሊሰማቸው እንደሚችል አላሰቡም። እኔ በግሌ አንድ ነገር ቢዘጋጅ እመኛለሁ፦ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ ፊታቸውን ሳናውቅ ድምፃቸውን የለመድነው ብዙ ተዋንያን አሉ። ከእነሱ ጋር የሚደረግ ጨዋታ ከየትኛውም ነገር በላይ ለጆሮ የተፈጠረ ነበር። በጎንደር አቅራቢያ ባለችው መንደር በቡርቧክስ ስለሚኖሩት አዝማሪዎችም፣ ማሲንቆው በቅርብ ማይክራፎን የተቀዳበት ተከታታይ ዝግጅት እስካሁን በመተግበሪያው አላገኘሁም፤ ጎንደር ላይ ተቀምጦ ይህን ማጣት ያስቆጫል።

ወደ መተግበሪያው ስመለስ፣ ለቤት ውስጥ ቅጂዎች ባለውለታ የሆነች አንዲት ማስተካከያ አለችው። ድምፁ ያነሰውን ፖድካስት ለብቻው ከፍ፣ የሚጮኸውን ለብቻው ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ስለዚህ ከአንዱ ዝግጅት ወደ ሌላው ሲተላለፉ ኢርፎን ከጆሮ እስከ መንቀል የሚያደርስ ድንገተኛ ጩኸት አይኖርም። የእንቅልፍ ሰዓት መቁጠሪያውም ማታ ለሚያዳምጥ ሰው ጠቃሚ ነው። ጉድለቶቹን ላንሣ። ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ ያለን መተግበሪያ የሚዘጉ የስልክ ዓይነቶች አሉ፤ በእነዚህ ላይ ጨዋታው በመካከል ስለሚቋረጥ፣ በስልኩ የባትሪ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ለአንቴናፖድ ፈቃድ መስጠት ግድ ይላል። ፎልደር ውስጥ አዲስ ፋይል ሲጨመር ዝርዝሩ ካልታደሰ አይታይም። የትእዛዞቹም ብዛት እንደ እናቴ ያለ ሰው ያደናግራል፤ ለእሷ ፎልደሩን አዘጋጅቼ ሰጥቼ የመጫወቻና የማቆሚያ ቁልፉን ብቻ አሳየኋት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ትእዛዝ አልፈለገችም።

አሁን የሚጭነው ሰው ሲጀምር ሰብስክራይብ ከማድረግ በፊት ሁለት ነገር ቢያስተካክል ይጠቀማል። የማውረጃ ቦታውን ወደ ሚሞሪ ካርድ ያዙር፤ ተደምጦ ያለቀ ክፍል በራሱ እንዲጠፋ የሚያደርገውንም ትእዛዝ ያብራ፤ ካርዱ ሳይታሰብ አይሞላበትም። ዝምታ የሚዘልለውን ቁልፍ ግን አይንካው።