ከጎለመሰ ዛፍ በተቆረጠ ቀንበጥ የተዳቀለ የብርቱካን ችግኝ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ

ከ2 ዓመት በፊት ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የገዛሁት የተዳቀለ ብርቱካን (ቀንበጡ ሥር ባለው የሌላ ተክል ግንድ ላይ የተጋጠመ) ዘንድሮ አብቦ፣ ከአበባውም ጥቂቱ ፍሬ ይዟል። ከዘር ያበቀልኩትና 6ኛ ዓመቱን የያዘው ሌላው ብርቱካን ግን ቁመቱ የዚህኛውን እጥፍ ቢያህልም እስካሁን አንድ አበባ አላሳየኝም። ችግኙን የምመዝነው በዚህ ልዩነት ነው።

ከዘር የበቀለ ተክል በለጋነት ደረጃ ላይ ሳለ፣ ለማበብ የሚያስፈልገው ሁኔታ ሁሉ ቢሟላለት እንኳ አያብብም። በለጋ ተክል ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ማይክሮ አር ኤን ኤ 156 የተባለው ትንሽ ሞለኪውል የጉልምስና ዘረመሎችን አፍኖ ይይዛቸዋል፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር መጠኑ እየቀነሰ ሲሄድ እነርሱ ነፃ ይወጣሉ፣ ተክሉም ቀስ በቀስ ለማበብ ብቁ ይሆናል። ይህ ሽግግር ከዘር በበቀለ ብርቱካን ብዙውን ጊዜ ከ5 ዓመት በላይ ይፈጃል። እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን የዛፉ ጫፍ ሲጎለምስ የግንዱ ሥር በለጋነቱ መቆየቱ ነው፤ ከላይ የተቆረጠ ቀንበጥም በሌላ ግንድ ላይ ሲዳቀል የደረሰበትን ጉልምስና ይዞ ይቀጥላል። ልዩነቱ በእሾሁም ይታያል፦ ከዘር የበቀለው በየቅጠሉ ብብት ረጅምና ጠንካራ እሾህ ሲያወጣ፣ በተዳቀለው ላይ የማገኘው አልፎ አልፎ ብቅ የሚል አጭር እሾህ ብቻ ነው።

ቅሬታዬ በችግኙ ሳይሆን በተሰጠኝ ምክር ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከመጋጠሚያው በታች፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የተከፈለ እሾሃማ ቡቃያ በፍጥነት ሲያድግ አይቼ ሻጩን ብጠይቀው፣ «ይተዉት፣ ዛፉን ያጠናክረዋል» አለኝ። ቡቃያው ግን የሥሩ ግንድ የራሱ ለጋ ቅርንጫፍ ነበርና ምግቡን እየተሻማ የላይኛውን አቀጨጨው፤ ከሥሩ ገንጥዬ ካነሣሁት በኋላ ነው ዛፉ ያገገመው። ችግኙ ላይ የተንጠለጠለው ወረቀትም ከዝርያው ስም በቀር፣ ቀንበጡ ከምን ዓይነት ዛፍ እንደተወሰደ አይናገርም። ከለጋ ዛፍ የተወሰደ ቀንበጥ ቢዳቀልም ለጋ ስለሆነ፣ ለገዢ ከዝርያው ስም ያላነሰ አስፈላጊው መረጃ ይህ ነበር።

ከዚያው ጣቢያ ሁለተኛ ችግኝ አዝዣለሁ፤ ገንዘቡን የከፈልኩት ግን ቀንበጡ የሚቆረጥበትን ዛፍ ፍሬ ተሸክሞ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው።