ለተኙ አረጋውያን ሕሙማን፦ የእንቅልፍ ክኒን ወይስ ያለ ክኒን ማስተኛት?

ሐዋሳ ውስጥ ሆስፒታል የተኛ አረጋዊ እንቅልፍ አልወስድ ሲለው፣ አስታማሚው ነርሷን የሚጠይቃት ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «እባክሽ እህቴ፣ የሚያስተኛ ነገር ስጪልን።»

በዋጋ ረገድ ክኒኑ፣ ለምሳሌ ዲያዜፓም፣ ርካሽ ነው፤ ያለ ክኒን ማስተኛት ገንዘብ ባይጠይቅም ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃል። በቅለትም ክኒኑ ይበልጣል።

አደጋው ላይ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ዲያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ግማሹ እስኪወገድ ብቻ 48 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል፤ ስለዚህ ማክሰኞ ማታ የተዋጠው ሐሙስ ጠዋትም እግርን ሊያዝል ይችላል። ሕመምተኛው ፉሮሴማይድን የመሰለ የሚያሸና መድኃኒት ማታ ከወሰደ ሌሊት ሽንት ያጣድፈዋል፤ ከአልጋው በድንገት ሲነሳ የደም ግፊቱ ይወርድና፣ ጨለማ ውስጥ ነጠላ ጫማውን በእግሩ እየዳሰሰ ሳለ ይወድቃል።

ያለ ክኒን ማስተኛት ማለት ሕመሙን ማስታገስ፣ ከመኝታ በፊት ሽንት ቤት ማድረስ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ የሚያሸናውን መድኃኒት ወደ ጠዋት ማዛወር፣ ከሰዓት በኋላ ቡና መተው ነው (ፔርሙስ ይዞ ለመጣ ጠያቂ ይህን መንገር ቀላል ባይሆንም)። ጉድለቱ አስታማሚ ለሌለው አለመመቸቱ ነው።

ዕድሜው ከ65 በላይ ለሆነ፣ ከዚህ በፊት ለወደቀ ወይም ለሚቃዥ ሕመምተኛ ሁለተኛው መንገድ ይመረጣል። ክኒኑን ለዓመታት ሲወስድ የኖረ ግን በድንገት ቢያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ አልኮል በማቆሙ ለታመመ ሰው ደግሞ ዲያዜፓም ሕክምናው ራሱ ነው።