የቴስታታ ጓርኒሲዮን፦ ማሸጊያ ይቀባ ወይስ በደረቁ ይታሰር?

ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ጓርኒሲዮን (በእሱና በሞተሩ ብሎክ መካከል የሚገባው ስስ ንጣፍ) ሊቀየር ሲል ክርክሩ ይነሳል። አንዱ መካኒክ «ሳይቀባ አይታሰርም» ይላል። ሌላው «ከቀባኸው አበላሸኸው» ይላል። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ቦታ አለ። የሚወስነው የጓርኒሲዮኑ ዓይነት ነው። ስለዚህ ማሸጊያ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ገልብጣችሁ እዩት።

የዛሬዎቹ መኪኖች አብዛኞቹ የሚይዙት ባለ ብዙ ንጣፍ ብረቱን ነው። ሻጮቹ ኤምኤልኤስ ይሉታል። ስስ ብረቶች ተደራርበው የተሠራ ነው። በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ጎበጥ ያለ መስመር ታያላችሁ፤ ቴስታታው ሲጠብቅ እንደ ሞላ መልሶ የሚገፋው እሱ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ስስ የጎማ ሽፋን ከፋብሪካ ተቀብቶ ይመጣል። ማሸጊያው ይኸው ሽፋን ነው። አምራቹ ካላዘዘ በስተቀር ምንም አትጨምሩበት፣ በደረቁ ይታሰር። ጥንካሬው ወደር የለውም፤ ግን ያልተስተካከለ ፊት አይወድም። ብዙ አምራቾች ለቴስታታ መጣመም የሚፈቅዱት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ማሽን ሾፕ ወስዶ ማስላጥ ግድ ነው።

ግራፋይቱ ጥቁር ግራጫ ነው፣ በጥፍር ሲነካ ለስለስ ይላል። በቆዩ ሞተሮች ላይ የሚገኘው እሱ ወይም የእሱ ቢጤ ነው። ትንሽ ጭረት ይችላል። እሱም ባብዛኛው በደረቁ ነው የሚታሰረው።

ማሸጊያ በእርግጥ የሚፈልገው ሙሉ መዳቡ ነው። ለውድድርና ግፊታቸው ለተጨመረ ሞተሮች ይሠራል። የቃጠሎውን ግፊት በደንብ ይይዛል፣ በውሃና በዘይት ቀዳዳዎች ዙሪያ ግን ካልተቀባ ያንጠባጥባል። ለቤት መኪና አልመክረውም።

ከማሸጊያዎቹ የመዳብ ስፕሬይ ለተራ ብረትና ለመዳብ ጓርኒሲዮን ይሆናል። በስሱ ተነፍቶ ትንሽ ሲጣበቅ ይታሰራል። ጥቃቅን ጭረት ይሞላል እንጂ የተጣመመ ቴስታታ አያቀናም። ሃይሎማር ሰማያዊ ነው፣ አይደርቅም፤ እስከ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል። ሞተሩ እንደገና ሲፈታ በአሴቶን ይለቃል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብባል ሃይሎማርን እመርጣለሁ።

ሲሊኮንን ግን በጓርኒሲዮን ፊት ላይ ማንም እንዳይቀባላችሁ። ብሎኑ ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ይወጣል። የውጭውን በጨርቅ ትጠርጉታላችሁ። የውስጡ ዘይት መተላለፊያው ላይ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ቀን ይበጠስና የዘይት ማጣሪያውን ወይም ጠባቡን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ከላይ ያለው ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ዘይት አጥቶ ይፋቃል። በዚያ ላይ እርጥቡ ሲሊኮን ያንሸራትታል፣ ጓርኒሲዮኑ ከቦታው ይንቀሳቀሳል። ሲሊኮን ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። የታይሚንግ ክዳኑ (የታይሚንግ ሰንሰለቱን የሚሸፍነው)፣ ብሎኩና ቴስታታው በሚገናኙበት ጥግ ላይ ጠብታ ሲሊኮን እንዲደረግ የብዙ ሞተሮች ማኑዋል ያዛል። እዚያ መተው ነው ዘይት የሚያስፈስሰው። ብሎኑ እስከ ውሃው መንገድ የሚዘልቅ ሞተር ካላችሁም ጥርሱ ላይ የብሎን ማሸጊያ ይደረጋል።

ገንዘብ ውስን ከሆነ ከማሸጊያው በፊት ማስላጫውን ክፈሉ። ቀጥሎ አዲስ ብሎን ግዙ፣ በተለይ በዲግሪ የሚታሰር፣ ማለትም መጀመሪያ ጠብቆ ቀጥሎ በተወሰነ ማዕዘን የሚዞር ከሆነ። እነዚህ ብሎኖች ሲጠብቁ ይሳባሉ፣ ብዙዎቹም ለሁለተኛ ጊዜ አይታሰሩም። መካኒኩን ቶርክ ሬንች (ብሎኑ የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) እንዳለው ጠይቁት። በስሜት የሚያጠብቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

የናፍጣ ሞተር ባለቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። ለአንድ ሞተር የተለያየ ውፍረት ያላቸው ጓርኒሲዮኖች ይሸጣሉ። ልዩነቱ በጠርዙ ላይ ባሉ ቁርጦች፣ ቀዳዳዎች ወይም ፊደሎች ይታወቃል። ትክክለኛው የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው። የአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ የድሮውን ጓርኒሲዮን ይዛችሁ ሂዱና ምልክቱን አስተያዩ፤ ብሎኩ ከተላጠ ግን የድሮው ምልክት ስለማይሠራ መጀመሪያ አስለኩ።