ባለ 170 ሴንቲሜትሩ የፕላስቲክ አጽም፦ ልትገዙ ላሰባችሁ የባዮሎጂ መምህራን

አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት የወላጅ ኮሚቴው ገንዘብ አሰባስቦ ቻይና የተሠራ የሰው አጽም ሞዴል ገዛልን። ከዚያ ወዲህ የሌላ ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ "ገንዘቡን ያወጣል ወይ?" እያሉ ስለሚደውሉ ለሁሉም አንድ ላይ ልመልስ። የአጥንትን ስምና ቦታ ለማስተማር ያወጣል። አጥንት ምን እንደሆነ ለማስተማር ግን ከልኳንዳ የሚገኝ አጥንት ይበልጠዋል።

ዕቃው የሚመጣው በካርቶን ተበታትኖ ነው። ለመገጣጠም ካቻቪቴና ትዕግሥት ይበቃል፤ መመሪያው ግን ምንም አይረዳም። ባለ ጎማ መቆሚያና ከዳሌው ሥር የሚገባ የብረት ዘንግ አለው፤ አቧራ የሚከላከል የላስቲክ ልብስም አብሮ ይመጣል። ከክፍል ክፍል ስንገፋው ኮሪደሩ በሳቅ ይሞላል። ተማሪዎቹ ስም ሳያወጡለት አንድ ቀን አላደረም፤ "ጋሽ መቅኔ" ነው የሚባለው። ያለ መቅኔ የመጣ ሰውዬ በዚህ ስም መጠራቱ እኔንም ያስቀኛል።

መጀመሪያ ጥሩ ጎኑን ልናገር። የራስ ቅሉ ክዳን ይነሳል፤ ስምንቱ አንጎል አቃፊ አጥንቶች የተሰፉበት የሚመስለው መስመር በግልጽ ይታያል። መንጋጋው በሞላ ስለተያዘ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ክንዱና እግሩ ይነቀላሉ። ከሁሉ የወደድኩት እጁንና እግሩን ነው። የአንድ እጅ አጥንት 27፣ የአንድ እግር መዳፍ ደግሞ 26 ነው። አራቱም ሲደመሩ 106 ይሆናሉ፤ ከጠቅላላው 206 አጥንታችን ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ማንም አይገረምም። የእጅ አንጓ ስምንት ጠጠር የሚያካክሉ አጥንቶች በሽቦ ተሰክተው ሲያዩ ግን ሁሉም የራሱን እጅ ማገላበጥ ይጀምራል። ጀርባው ላይ በሦስተኛውና በአራተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ከቦታው ወጣ ያለ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ዲስክ (በአከርካሪዎች መሐል ያለው ትራስ) አለ። "እናቴን ዲስክ መንሸራተት ነው ያሏት ይሄ ነው?" ብላ የጠየቀች ልጅ ነበረች፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ጥሩ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ካርቶኑ ላይ "206 አጥንት" ተብሎ የተጻፈውን ግን አትመኑ። በጆሮ ውስጥ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሆነው የሚገኙት ትንንሽ አጥንቶች የሉበትም። ከነሱ አንዷ ስቴፕስ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ትንሿ ናት፤ ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በዚህ ዋጋ ከፕላስቲክ ትቀረጽ ማለት አይቻልም። ምላስ ሥር ተንጠልጥላ ከሌላ አጥንት ጋር የማትገጥመው ሃዮይድም የለችም። ትከሻው በብሎን ስለተያዘ እንደ ልብ አይዞርም። ጅማት ስለሌለው ጉልበቱ ወደፊት ይታጠፋል፤ የኛ ጉልበት በዚያ በኩል ቢታጠፍ ጩኸታችን ወንጂ ድረስ ይሰማ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ይታለፋሉ። ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ጋሽ መቅኔ አጥንትን ደረቅና ያለቀለት ነገር ያስመስለዋል። ስለዚህ እሱን ባቆምኩበት ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ሌላ አጥንት አኖራለሁ። ልኳንዳ ቤት የበሬ ጭን አጥንት ለሁለት በመጋዝ እንዲሰነጥቁልኝ አደርጋለሁ። ከላይ ስስ ሽፋኑ አለ፤ ደም ሥርና ነርቭ ያለው እሱ ላይ ስለሆነ ቅልጥማችን ሲመታ ነፍሳችን የምትወጣው ለዚህ ነው። ከሥሩ ጠንካራው ንብርብር ይመጣል። ጫፎቹ ጋ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ክፍል አለ፤ ቀጫጭን ግድግዳዎቹ የተደረደሩት ጭነቱ በሚመጣበት አቅጣጫ ነው። መሐሉን መቅኔ ሞልቶታል። ትልቅ ሰው ላይ የረጃጅም አጥንቶች መሐል በአብዛኛው ስብ የሆነ ቢጫ መቅኔ ነው፤ ደም የሚሠራው ቀዩ መቅኔ በዳሌ፣ በፍርምባ፣ በጎድንና በአከርካሪ ውስጥ ይገኛል። በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሴል ከዚያ ይወጣል። ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ አንዱ የግድ ቅልጥም መብላት ደም ይተካ እንደሆነ ይጠይቃል።

የዶሮ እግር አጥንት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጥቂት ቀን ተዉት። አሲዱ ማዕድኑን አሟሙቶ ያወጣውና አጥንቱ ይተጣጠፋል፤ የቀረው ኮላጅን የሚባለው ተጣጣፊ ፕሮቲን ነው። ሌላውን ደግሞ ከሰል ላይ አቃጥሉት፤ ኮላጅኑ ስለሚቃጠል ቅርጹን እንደያዘ በጣት ይፈረፈራል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአጥንት ክብደት ካልሲየምና ፎስፎረስ ያለበት ማዕድን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅንና ውኃ። ማዕድኑ ኮንክሪቱ፣ ኮላጅኑ ፌሮው መሆኑ ነው፤ አዳማ ሕንፃ ሲሠራ ያላየ ልጅ ስለሌለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የሚቀመጠው አጥንት ውስጥ ነው፤ ደም ካልሲየም ሲያንሰው ከዚያ ይበደራል።

ስለ እድገት ሞዴሉ ጭራሽ ዝም ይላል። ጋሽ መቅኔ ከነሙሉ ቁመቱ የተወለደ ነው። ሕፃን ሲወለድ ወደ 300 የሚጠጉ የአጥንት ክፍሎች አሉት፤ ብዙዎቹ ገና ካርትሌጅ የሚባለው ልም አጥንት ናቸው፣ እያደር ይጠነክራሉ፣ ይጋጠማሉ። እናቶች የሚጠነቀቁላት እርግብግቢት የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልገጠሙባት ቦታ ናት፤ የፊተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ትዘጋለች። ቁመት የሚጨምረው ደግሞ በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ባለ የካርትሌጅ ሰሌዳ ነው። ሴቶች ላይ ከ14 እስከ 16፣ ወንዶች ላይ ከ16 እስከ 18 ዓመት ገደማ ሰሌዳው ወደ አጥንት ተለውጦ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ቁመት የሚጨምር ኪኒን ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው። ልኳንዳው የጥጃ አጥንት ካለው የሰሌዳው መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። ደረትና ትከሻን የምታገናኘው ክላቪክል ከሁሉም ቀድማ በጽንስ ጊዜ መጠንከር ትጀምርና የደረት በኩል ጫፏ ከሁሉም ኋላ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ይዘጋል። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ ቁመቷ አንድ ሜትር ከትንሽ ቢሆንም ልጅ አይደለችም የተባለው ይኸው የእድገት ሰሌዳ መስመር ተዘግቶ፣ የጥበብ ጥርሷም ወጥቶ ስለተገኘ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ተማሪ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን አሳዩአቸው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዘው እንዳይመለሱ።

ፕላስቲክ ራሱን አይጠግንም። የኛ አጥንት ግን ሥራ አያቋርጥም፤ አንደኛው የሴል ዓይነት አሮጌውን ሲያፈርስ ሌላው አዲስ ይሠራል፤ በዓመት ከአጽማችን 10 በመቶ ገደማው ይታደሳል። ስብራትም የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ ደም ይረጋል፣ ከዚያ ለስላሳ ማያያዣ ይበቅላል፣ ማዕድን ገብቶበት ይጠነክራል፣ ቀስ በቀስም ተስተካክሎ የቀድሞ ቅርጹን ይይዛል። እግረ መንገዴን ልበል፦ ወጌሻ ዘንድ የሄደ ልጅ ካላችሁ ጣቶቹን እዩ። ቀርከሃው ከልክ በላይ ተጠብቆ ከታሰረ ደም አያልፍም፤ በዚህ ሰበብ እጅና እግራቸውን ያጡ የአገራችን ልጆች ጥቂት አይደሉም። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ እስሩ ወዲያው ተፈቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ጀሶም ቢሆን ያው ነው።

ጋሽ መቅኔን ያሸነፈው ጥያቄ ግን የመጣው ከወንጂ ልጅ ነው። "ቲቸር፣ የአያቴ ጀርባ ለምን አይታጠፍም? የሱ አጥንት ከዚህ በምን ይለያል?" አለኝ። መልሱ ውኃው ውስጥ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ይበቃል ይላል፤ የኛ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በጣም ይበልጣሉ። የልጆቻችን ጥርስ የሚበልዘው በዚህ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያንን ውኃ ለብዙ ዓመት ከጠጡት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ አጥንቱ ራሱ ተጎድቷል፤ አከርካሪው ይወፍራል፣ ጅማቱ ወደ አጥንት ይለወጣል፣ አንገትና ወገብ ይገተራል። ነጭና እንከን የለሽ በሆነው የፕላስቲክ አከርካሪ ላይ ይህን የማሳይበት ቦታ አልነበረኝም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው፦ የአጥንት ማዕድን ፍሎራይድን ስቦ በራሱ ውስጥ ያስቀራል። ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራው የውኃ ማጣሪያ የሚሠራውም በዚሁ ጠባይ ነው፤ ከኛ አጥንት በፊት የበሬው አጥንት ፍሎራይዱን ይይዝልናል። ልጁ አያቱ ቤት ማጣሪያ እንደሌለ ነገረኝ።

ለመግዛት ለወሰናችሁ፦ 85 ሴንቲሜትር የሆነው ግማሽ መጠን ርካሽ ነው፤ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ግን ከኋላ ወንበር አይታይም፣ የእጅ አጥንቶቹም ተጣብቀው ነው የሚቀረጹት። ከመክፈላችሁ በፊት ካርቶኑን እዚያው አስከፍቱና ግራና ቀኝ እግሩ እንዳልተቀያየረ እዩ። መለዋወጫ ብሎንም ጠይቁ፤ የኛ ትከሻ የጣለውን ብሎን ልክ አዳማ ገበያ ውስጥ ስላጣነው አሁን ክንዱ በሽቦ ነው የታሰረው።