ለፔንዱለም የገዛነው ፎቶጌት፣ ጎበዝ ነው ግን ማኑዋሉን አንብቡ

ይሄን ፎቶጌት የፔንዱለም፣ ማለትም በክር ተንጠልጥላ የምትወዛወዝ ኳስ፣ ሰዓት ለመለካት አንድ ተርም ሙሉ ክፍል ውስጥ ሰራንበት። ሁለት ክንድ ያለው ነገር ነው፣ ከአንዱ ኢንፍራሬድ ይለቃል በሌላው ይቀበላል፣ ኳሷ በመሀል ስታልፍ ጨረሩን ትቆርጠዋለች ሰዓቱም ይያዛል፣ እስከ ሺኛ ሰከንድ ድረስ። 4 ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በማኑዋሉ ነው።

የመጀመሪያ ቀን የፔንዱለሙን ርዝመት 1 ሜትር አድርገን ስናወዛውዘው አንዱ ደርሶ መልስ 1.003 ሰከንድ ነው አለን፣ ልጆቹም አምነው ከሰዓቱና ከርዝመቱ ግራቪቲን የሚያወጣው ቀመር ውስጥ ከተቱትና ግራቪቲ 39 ምናምን ወጣላቸው ሃሃ፣ መሬት ላይ 9.8 አካባቢ መሆን ሲገባው፣ ጁፒተር ላይ እንኳን 25 አካባቢ ነው እኮ። ለካ ስትከፍቱት የሚመጣው ሞድ ጨረሩ በተቆረጠ ቁጥር ነው የሚቆጥረው፣ ኳሷ ደግሞ በአንድ ደርሶ መልስ ሁለቴ ታልፋለች፣ ግማሹን ነበር ስናነብ የዋልነው። የፔንዱለም ሞድ አለው ግን ማኑዋሉ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፅሁፍ ቀብረውታል። እሱን ስንመርጥ 2.006፣ አለቀ።

ደሞ ሰዓቱ እንዲህ ሲያምር ሰው ርዝመቱን ይረሳል። ክሩን ብቻ ለክተው 98 ሴንቲ ብለው የፃፉት 9.61 ሲያገኙ ማሽኑን ሰደቡት፣ ማሽኑ ምን አጠፋ? ኳሷ 4 ሴንቲ ውፍረት አላት፣ የሚለካው እስከ መሀሏ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግራቪቲ ለማግኘት ብቻ ከሆነ አትግዙት። በስልክ ስቶፕዎች 20 ደርሶ መልስ ቁጠሩ፣ 40 ሰከንድ ገደማ ነው፣ እጃችሁ 0.2 ሰከንድ ቢያሳስት ለ20 ሲካፈል 0.01 ብቻ ነው። ይሄ ዕቃ ዋጋው የሚታየው ኳሷን የምትለቁበትን ማዕዘን ስትቀያይሩ ነው። ከ5 ዲግሪ ስንለቀው 2.007፣ ከ40 ዲግሪ ግን 2.07 አካባቢ፣ ያ "ማዕዘኑ ለውጥ አያመጣም" የሚባለው ለትንሽ ማዕዘን ብቻ እንደሆነ ልጆቹ በአይናቸው አዩ። በስቶፕዎች ይሄን መያዝ ይከብዳል ምክንያቱም 20 እስክትቆጥሩ ማዕዘኑ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ፎቶጌቱ ግን የመጀመሪያዋን ደርሶ መልስ ብቻዋን ይሰጣችኋል።

መስኮት አጠገብ አታድርጉት፣ ፀሐይ ሴንሰሩ ላይ ስታርፍ ይቀውሳል። ኳሷም በአንድ ክር ከተንጠለጠለች ቀስ በቀስ መዞር ትጀምርና ክንዱን ትገጨዋለች፣ እኛ በሁለት ክር በቪ ቅርፅ ካሰርናት ወዲህ አርፋለች።