«ክሊን ላድርግልሽ» ለሚል ኮምፒውተር ቤት ማሽናችሁን አትስጡ

ላፕቶፓችሁ ሲ ድራይቭ ላይ ያለው መስመር ቀይ ሆኖ «ቦታ የለም» እያለ ካስቸገራችሁ፣ ወደ ኮምፒውተር ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ዛሬ ከሰዓት መገናኛ አካባቢ ካለ ሱቅ ፋይሌን አስጠፍቼ፣ ገንዘቤን ከፍዬ፣ በዚያ ላይ ተዘልፌ ተመለስኩ። ንዴቱ ስላልበረደልኝ አጻጻፌ ቢሻክር ቻሉኝ።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። የመስታወት በር፣ በሩ ላይ «ፎርማት፣ ሶፍትዌር፣ ፊልም፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ስቲከር፣ ውስጥ ደግሞ ከተበታተነ ላፕቶፕ ጀርባ ሁለት ሦስት ልጆች። ማሽኑን ከቦርሳ ሳታወጡት «ምን ሆነ?» ይሏችኋል፤ ተናግራችሁ ሳትጨርሱ መልሱ ይመጣል። ወይ «ቫይረስ በልቶታል» ነው፣ ወይ «ፎርማት ይፈልጋል» ነው። የኔው ልጅ ሦስተኛ አመጣልኝ፦ «ፎርማት አያስፈልገውም፤ ቴምፖራሪ ፋይል ነው የሞላው። ክሊን ላድርግልሽ፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።» 1,200 ብር ጠራ፣ ተከራክሬ 1,000 ላይ ተስማማን።

ይህን ሲል አልዋሸም፤ ሐቁን ልንገራችሁ። ፕሮግራም ሲጫን፣ አፕዴት ሲወርድ፣ ዚፕ ሲከፈት ዊንዶውስ ለጊዜው የሚፈጥራቸው ፋይሎች አሉ። ሥራው ሲያልቅ መጥፋት ሲገባቸው ብዙዎቹ እዚያው ይከማቻሉ። ቦታቸውም የታወቀ ነው፤ አንዱ በተጠቃሚው ስም ሥር አፕዳታ፣ ሎካል፣ ከዚያ ቴምፕ የሚባለው ፎልደር ነው፣ ሌላው ራሱ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው ቴምፕ። እነሱን ማጥፋት ማሽኑን አይጎዳም። ልጁም የጀመረው ከነሱ ነበር። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫነ፣ በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል ቴምፕ ብሎ ጻፈ፣ ሁሉንም መርጦ አጠፋ። አንዳንዱ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ እምቢ ሲለው «ስኪፕ» አለው። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ አመስግኜው እወጣ ነበር።

የተገኘው ቦታ ግን ጥቂት ጊጋ ብቻ ሆነ። 1,000 ብር ለሚቀበል ሰው ሳያንሰው አልቀረም፤ ዲስክ ክሊንአፕ የሚባለውን የዊንዶውስ የራሱን ማጽጃ ከፈተ።

ዲስክ ክሊንአፕን ያያችሁት ታውቁታላችሁ፤ ትንሽ መስኮት ነው፣ ውስጡ ዝርዝር አለ፣ ከእያንዳንዱ መስመር ፊት አንድ ሳጥን። ልጁ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ ስለ ፕሪንተር ቶነር ዋጋ እየተከራከረ፣ ከላይ እስከ ታች ሳጥኖቹን ራይት፣ ራይት፣ ራይት እያደረገ ወረደ። አንዱንም አላነበበም። «ዳውንሎድስ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኔ ገባ። «ቆይ፣ እሱ የኔ ዳውንሎድ አይደለም እንዴ?» አልኩት። ስልኩን ሳያወርድ መዳፉን ዘርግቶ ዝም በይ የሚል ምልክት አሳየኝ። ከዝርዝሩ በታች ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፤ እነዚህ የግል ዳውንሎድ ፎልደርህ ውስጥ ያሉ ፋይሎች ናቸው፣ ሁሉንም ማጥፋት ከፈለግህ ምረጥ ይላል። እኔ ከጎን ሆኜ አንብቤዋለሁ፤ ባለሙያው አላነበበውም። ኦኬን ነካ። ማሽኑ እንደገና «በቋሚነት ላጥፋቸው? እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። «አይ አይ፣ በዚህ ዋጋ አልወስድም» አለ ለቶነር ሻጩ፣ በጣቱ ደግሞ አጥፋ የሚለውን ነካ። «ኧረ ተው!» ብዬ እጁን ልይዝ ስል አረንጓዴው መስመር መሄድ ጀምሯል። ሲሞላ ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ። «ይኸው፣ 38 ጊጋ ቆሻሻ!» ደስ ብሎታል።

እኔ ቤቴ ሆኜ ለትናንሽ ነጋዴዎች ሂሳብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ደረሰኛቸውን ፎቶ አንስተው የሚልኩልኝ በቴሌግራም ነው፣ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ባክአፕም የምንላላከው በዚያው ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም ደግሞ፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ የወረደውን ሁሉ የሚያስቀምጠው ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል ፎልደር ነው። እኔን ብቻ አይደለም የሚመለከተው። የእናንተም የሠርግ ፎቶ፣ የልጅ ልደት ካርድ ስካን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ያለው እዚያ ነው፤ ቤት ስትገቡ ክፈቱና እዩት። ቴሌግራሙ ላይ ያለውን ደግሜ ላወርደው እችላለሁ። እዚያው ፎልደር ውስጥ ከፍቼ የሠራሁባቸው፣ ቀን ከሌት ያስታረቅኳቸው ኤክሴሎች ግን ሌላ ቦታ የሉም።

«የደንበኞቼን ሰነድ አጠፋኸው» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እናት፣ ዳውንሎድ እኮ ቴምፖራሪ ነው። አስፈላጊ ፋይል እዚያ ማን ያስቀምጣል?» አጠገቡ የነበረው ልጅ ሳቀ። ሪሳይክል ቢን ክፈት አልኩት፣ ባዶ። ዲስክ ክሊንአፕ የሚያጠፋው ነገር በሪሳይክል ቢን አያልፍም። ለነገሩ ሪሳይክል ቢንም ከዝርዝሩ ውስጥ ስላለ እሱንም ራይት አድርጎታል።

ባለቤቱን ጥሩልኝ አልኩ። መፋቂያውን አፉ ውስጥ እንደያዘ መጣ፣ ታሪኩን አስጨረሰኝ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። በፕላስተር የተለጠፈ፣ ጥጉ የተጠቀለለ ወረቀት አለ፦ «ለዳታ ኃላፊነት አንወስድም።» «ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አለኝ። የሱ ልጅ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ሳያነብ ፋይሌን አጥፍቶ፣ ማንበብ ስለመቻሌ የምጠየቀው እኔ ነኝ! «ወንድሜ፣ ዳታ አጥፉልኝ ብዬ አይደለም የመጣሁት» ብለው «ባክአፕ ሳትይዢ ማሽን ጥገና ቤት አታምጪ» ብሎ መከረኝ። ልጁ ሲጀምር ስለ ባክአፕ ትንፍሽ አላለም።

ከዚህ የባሰው ቀጥሎ መጣ። ልጁ ድምፁን ለስለስ አድርጎ «አትጨነቂ፣ ሪከቨር ይደረጋል። እሱ ግን ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ 6,000» አለኝ። ያጠፋብኝን መልሶ ሊሸጥልኝ!

ከሱቁ ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜ የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ፣ ሥራው ይኸው ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው ኤስኤስዲ?» ብሎ ነው። ኤስኤስዲ ነው፣ የሚሽከረከር አካል የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ፤ አምና ከዚሁ ሱቅ ነው የገዛሁት፣ የገጠመውም ይኸው ልጅ ነው። «በይ እንግዲህ ገንዘብሽን አትስጪ» አለኝ። በድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ የጠፋ ፋይል፣ በቦታው ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ ሊገኝ ይችላል። ኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ ፋይል ባጠፋ ቁጥር «ትሪም» የሚሉትን ትእዛዝ ለዲስኩ ይልካል፣ ዲስኩም ያንን ቦታ ያጸዳዋል። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሪከቨሪ ሶፍትዌር ቢጭኑበት ምንም አያመጣም። ተመልሼ ገባሁና «ኤስኤስዲ አይደለም እንዴ? ትሪሙስ?» አልኩት። ልጁ ባለቤቱን አየ፣ ባለቤቱ ልጁን አየ። «እንሞክራለን ነው ያልነው፣ ዋስትና የለውም።» ካልተገኘስ ገንዘቤ? «የሙከራ ነው፣ አይመለስም።»

ሌላም ነገር ነገረኝ የአክስቴ ልጅ። ዳውንሎድስ ዲስክ ክሊንአፕ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የዊንዶውስ 10 1809 ስሪት ነው፣ በ2020 በወጣው፣ ቁጥሩ 2004 በሆነው ስሪት ደግሞ ከዝርዝሩ ተነስቷል። ታዲያ የኔ ማሽን ላይ ዛሬም ምን ይሠራል? ኤስኤስዲውን ሲገጥሙ ዊንዶውስ የጫኑልኝ እነሱ ናቸው፤ ከአሮጌ ፍላሽ ጭነው «ዳታ እንዳይበላብሽ» ብለው አፕዴቱን ዘግተውታል። ያኔ አመስግኛቸው ነበር።

1,000 ብሬንም አልመለሱም። ደረሰኝ ስጡኝ ስል ካሽ ሬጅስተሩ ተበላሽቷል ተባልኩ። የፒችትሪ ባክአፕ የላኩልኝን ደንበኞቼን አንድ በአንድ እየደወልኩ «ድጋሚ ላኩልኝ» እያልኩ ነው፤ አንዱ ከአሁኑ «ሌላ ሰው ብፈልግ ይሻላል» ብሎኛል።

እናንተ ይህን ሥራ በነጻ ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ማሽኑን ሪስታርት አድርጋችሁ ሰቲንግ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ግቡ። እዚህኛው ዝርዝር ውስጥ ግን ዳውንሎድስ አሁንም ከቆሻሻው ጋር ተሰልፎ ታገኙታላችሁ፣ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ሳታዩ ምንም እንዳትነኩ። ከዚፕ ውስጥ ሳታወጡ ከፍታችሁ ሴቭ ያደረጋችሁት ፋይል ካለ እሱም ቴምፕ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ አውጡት። «ሬጅስትሪም ላጽዳልሽ» የሚላችሁን እምቢ በሉ፤ ሬጅስትሪ የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ ነው፣ ማጽዳቱ ቦታ አያስገኝም። የግድ ሱቅ መሄድ ካለባችሁ ዳውንሎድሱን በፍላሽ ገልብጣችሁ ሂዱ።

ፋይል ከጠፋባችሁ ደግሞ ማሽኑን እዚያው አጥፉት፣ ምንም አትጫኑበት። ሪከቨር እናደርጋለን ያላችሁን ሰው ከመክፈላችሁ በፊት ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁት፤ ሳያይ «ችግር የለም» ካለ ማሽናችሁን ይዛችሁ ውጡ።