ለጨንቻ ዳገት ሞተር ሳይክላችንን ላዘጋጁልን የአርባ ምንጭ መካኒክ የቀረበ ምስጋና

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላ አካባቢ ሞተር ሳይክል የሚጠግኑ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ለእኔና ለአክስቴ ልጅ ስላደረጉልን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ተራሮች በሞተር ሳይክል ለመውጣት የሚያስብ ሰው ሁሉ አስቀድሞ እርሳቸው ዘንድ እንዲደርስ መጠቆምም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ስማቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ቃላቸውን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ በሲቀላ የሚሠራ ማንኛውም የባጃጅ ወይም የሞተር ሳይክል አሽከርካሪ «የጨንቻን መንገድ የሚያውቁት አዛውንት መካኒክ» ቢባል በቀላሉ ያደርሳችኋል።

መንገዱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ጨንቻ ደግሞ ከዚያው ከተማ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ሶዶ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ ይህን ሁሉ ከፍታ የሚወጣው ተራራውን እየተጠማዘዘ በመሆኑ፣ ኩርባ ከኩርባ እየተከተለ፣ አንዱ ጎን ገደል፣ ሌላው ጎን አፋፍ እየሆነ ይሄዳል። ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ከኋላችሁ የአባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ቡናማ ውኃ፣ ከእርሱ በስተደቡብ ጠቆር ያለው ጫሞ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታማ መሬት አንድ ላይ ይገለጣሉ። በሀገራችን በሞተር ሳይክል ከተጓዝኩባቸው መንገዶች መካከል በእኔ ግምት ከዚህ የሚበልጥ የለም። ውበቱ ግን ዓይንን ከመንገዱ ላይ የሚነጥቅ ነውና፣ ያልተዘጋጀ ሞተር ሳይክልና ያልተዘጋጀ አሽከርካሪ ሊወጡት የሚገባ መንገድ አይደለም።

እኔ ከአዲስ አበባ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል የመጣሁት በራሴ ሞተር ሳይክል ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ነዋሪነቱ እዚያው አርባ ምንጭ ስለሆነ የእርሱ ሞተር ሳይክል ከቆላ ወጥቶ አያውቅም። ሁለቱንም ይዘን ስንሄድ ባለሙያው መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ያነሡት ጥያቄ ወዴት እንደምንሄድ፣ ምን ያህል ጭነት እንደምንይዝና እያንዳንዱ ሞተር ሳይክል መጨረሻ የተስተካከለው የት ከተማ እንደሆነ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ጋራዥ ገብቻለሁ፤ ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

የጥያቄው ምክንያት ወዲያው ግልጽ ሆነልኝ። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው በተወሰነ ልክ ነው፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ የሚገባው ነዳጅ ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። በጨንቻ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ምክንያት ለቆላ የተስተካከለ ሞተር እዚያ ሲደርስ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፣ ጉልበቱም በጣም ከሚያስፈልግበት ኩርባ ላይ ይከዳል። የአክስቴ ልጅ ሞተር ሳይክል ችግር ይኸው ነበር። ስለዚህ በካርቡሬተሩ ውስጥ የነዳጁን መጠን የምትወስነውን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አድርገው፣ ሚኒሞውንም፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚሠራበትን ልክ፣ አስተካክለው፣ ካንዴላውን አጽድተው መለሱለት። ከዚያም አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ሰጡት፦ «ልጄ፣ ከተራራው በወረድክ ማግስት አምጣልኝና ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። በዚህ ልክ ቆላ ላይ ከነዳኸው ነዳጁ ያንሰውና ሞተሩ ይግላል።»

የእኔን ግን አልነኩትም። ሞተር ሳይክሌ የተስተካከለው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ በመሆኑ ለጨንቻ የሚሆን አየርና ነዳጅ ቀድሞውኑ እንዳለው፣ አሁን በአርባ ምንጭ ከፍታ ልክ ቢያስተካክሉት ላይ ስደርስ እንደሚታፈን አስረዱኝ። እስከ ተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ግን ጋዝ አብዝቼ እንዳልነዳው መከሩኝ። የካርቡሬተር ማስተካከያ እንዲሠሩልኝ ገንዘቡን ይዤ በእግሬ የሄድኩትን ሰው «አያስፈልግህም» ብለው የመለሱት እርሳቸው ናቸው፤ የማያውቅ ደንበኛ ገንዘቡን ከፍሎ አመስግኖ በሚወጣበት ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ታማኝነት ማየት ልብ ይነካል።

ይሁንና የእኔ ሞተር ሳይክል ከባድ ችግር ያለው ሌላ ቦታ ላይ ሆኖ ተገኘ። ከአዲስ አበባ ከመነሣቴ በፊት አጠቃላይ ፍተሻ ያደረገልኝ አንድ ጋራዥ ፍሬኑ ደህና ነው ብሎኝ ነበር። ባለሙያው ግን የኋላውን ፍሬን ረግጠው፣ በታምቡሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የልክ ምልክት አሳዩኝ፤ ፍሬኑ ሲያዝ ጠቋሚዋ ከተፈቀደው ምልክት አልፋ ትሄዳለች፤ ይህም የፍሬን ሸራው ማለቁን ያሳያል። ጎማውን ሲያወጡት ሸራው ከመሳሳቱም በላይ በሙቀት ተቃጥሎ እንደ መስታወት አብረቅርቆ አገኙት። እንዲህ ያለ ሸራ በሜዳ መንገድ ላይ ጥሩ መስሎ ይይዛል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ግን ይንሸራተታል፣ አሽከርካሪውም ይህን የሚያውቀው ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

የፊተኛውን ፍሬን ዘይት ሲከፍቱም ጠቁሮ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ነገር ነው። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የመፍያው ልክ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ፍሬን ተደጋግሞ በሚያዝበት ቁልቁለት ላይ ያረጀ ዘይት ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እጀታውም ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ መጨረሻው ይሳባል። ባለሙያው ሸራውን ቀየሩ፣ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስሰው በአዲስ ተኩ፣ በመካከሉ የቀረውን አየር እስኪወጣ ድረስ በትዕግሥት ደጋግመው አወጡ። ከዚያም አሮጌውን ሸራ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ የተቀየረ ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ አለበት የሚል ጽኑ አቋም አላቸው።

ጎማዎቹንም በዚያው ትኩረት ነው የፈተሹት። በጎማ ጎን ላይ ከታተሙት ቁጥሮች መካከል የመጨረሻዎቹ አራቱ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር የሚያመለክቱ መሆናቸውን የተረዳሁት ከእርሳቸው ነው፤ ለምሳሌ 2318 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2018 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ እንኳ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ በእርጥብ ኩርባ ላይም መሬት አይጨብጥም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ቁጭ አድርገው ስለ መንገዱ ያወሩን ነገር ከጥገናው እኩል ዋጋ ነበረው። ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ ፈትቶ በፍሪ መውረድን በጥብቅ ይቃወማሉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በብዙ ቁልቁለቶቻችን ላይ የሚደረግ ልማድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እርሳቸው ግን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ፍጥነቱን ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬን ኩርባው ሳይደርስ እንጂ ኩርባው ውስጥ አይያዝ ይላሉ። በማይታይ ኩርባ ላይ ወደ መንገዱ መሐል መጠጋትም ሌላው የከለከሉን ነገር ነው፤ ከላይ የሚወርድ አይሱዙ ኩርባውን ቆርጦ ሊመጣ ስለሚችል የራስን ቀኝ ይዞ፣ ክላክስ እየነፉ ማለፍ ይገባል።

ስለ ሰዎች የነገሩን ደግሞ ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል ይገባል። በዶርዜ ሰኞና ሐሙስ፣ በጨንቻ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ ስለሚውል፣ በእነዚህ ቀናት መንገዱ ጭነት በተሸከሙ እናቶችና በከብቶች ይሞላል። ከዚህም ሌላ፣ እንግዳ ሲያዩ በኩርባዎቹ ላይ እየጨፈሩና እየተገለባበጡ ገንዘብ የሚጠይቁ ሕፃናት አሉ። «ብር አትስጧቸው፣ ለምን ቢባል ነገ ሌላ መኪና ፊት ይገባሉ፤ ፍጥነታችሁን ቀንሱና ሰላም ብላችኋቸው እለፉ» አሉን። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው የጠነከረው እነዚያ ልጆች የገዛ ሰፈራቸው ልጆች በመሆናቸው ነው፤ ትውልዳቸው ከዚያው ከደጋው ነውና።

በማግስቱ በጠዋት ወጣን፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ስለሚወርድና ዝናብም ስለማይጠፋ ይህም የእርሳቸው ምክር ነው። ሁለቱም ሞተር ሳይክሎች ያለ ጭስና ያለ መንገራገጭ ዳገቱን ወጡ። ዶርዜ ላይ አርፈን ከቀርከሃ የተሠሩትን ረጃጅም ቤቶች ጎበኘን፤ ግርጌያቸውን ምስጥ ሲበላው ከታች እየተቆረጡ ለረጅም ዓመታት የሚያገለግሉ ቤቶች ናቸው። ሽሮ ሜዳ ሄዶ የሀገር ልብስ የገዛ ሰው ሁሉ የዚህን አካባቢ ሸማኔዎች እጅ ሳያውቅ ለብሷል፤ እዚህ ግን ሸማው ሲሠራ አየን፣ ከእንሰት የተጋገረውንም ቂጣ በዳጣ በላን። ጨንቻ ስንደርስ ብርዱ ጃኬት የሚያስደርብ ነበር። ይህን አስቀድመው ነግረውን ባይሆን ኖሮ ቆላ ለብሰነው በነበረው ስስ ሸሚዝ እጃችን ደንዝዞ ፍሬን ለመያዝ እንኳ በተቸገርን ነበር።

ስንወርድ የሆነውን በተለይ ለባለሙያው ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ከፊታችን ሁለት በሬ የሚነዳ ልጅ ከአንድ ጠባብ ኩርባ ጀርባ ብቅ አለ። በዝቅተኛ ማርሽ ስለነበርኩ ፍጥነቴ ትንሽ ነበር፣ ፍሬኑም በመጀመሪያው ንክኪ ያዘ፤ ልጁ በሬዎቹን እስኪያሳልፍ ቆሜ ጠበቅኩት። በድሮው ሸራ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ሳስብ ምስጋናዬ ከቃል በላይ ይሆንብኛል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ከተራራው እንደወረድን የአክስቴ ልጅ በታዘዘው መሠረት ሞተር ሳይክሉን ይዞ ተመለሰ። ካርቡሬተሩን ወደ ቆላው ልክ የመለሰችው የባለሙያው ተለማማጅ የሆነች ወጣት ናት። እርሳቸው አጠገቧ ቆመው «እስኪ ድምፁን ስሚው፣ ምን ይልሻል?» እያሉ፣ መፍቻውን ከእጇ ሳይቀበሉ አሠሯት። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልተቀበሉንም፤ የመጀመሪያው ሥራ አካል ነው አሉ። የመጀመሪያውንም ዋጋ ቢሆን ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለይተው በወረቀት ጽፈው ስለሰጡን፣ በመጨረሻ የከፈልነው በመጀመሪያ የተነጋገርነውን ነው።

ወደ እርሳቸው ለምትሄዱ ሁሉ የምጠቁመው ይህን ነው። ሞተር ሳይክላችሁን ከጉዞው ዋዜማ በጠዋት አድርሱላቸው፤ ፍሬን ከተቀየረ በኋላ ከተማ ውስጥ ጥቂት ሳትነዱት ተራራ እንድትወጡ አይፈቅዱም። እሑድ አይሠሩም። የፍሬን ሸራ ለብዙዎቹ ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች አያጡም። ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው ግን ሸራውንና የፍሬን ዘይቱን ከአዲስ አበባ ገዝቶ ይዞ ቢመጣ ይሻላል፤ እርሳቸውም ዕቃው የሚሆን መሆኑን አይተው ካልሆነ በስተቀር አይገጥሙትም። ሞተር ሳይክላችሁ መጨረሻ የተስተካከለበትን ከተማ አስታውሳችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።